የበቅሎዋ አልጋ ልብስ

ማንጠግቦሽ ዘመዶቿን ለሁለት ትከፍላቸዋለች፤ ዳንቴል የሚገባቸውና የማይገባቸው። የሚገባቸው ሞተው አልቀዋል። የማይገባቸው ግን ሰርግና ክርስትና በመጣ ቁጥር «እትዬ፣ ለእኛስ?» ይሏታል። ትሠራላቸዋለች፤ እየናቀቻቸው ትሠራላቸዋለች። ለአክስቷ ልጅ የሰጠችው የሶፋ ልብስ ዳባት ላይ የገብስ ጆንያ ከድኖ ተገኝቷል። ለአጎቷ ሚስት የሠራችው ሻርፕማ ውሻ ሲተኛበት በዓይኗ በብረቱ አይታዋለች። ለአንዳንዱ ሰው እጅ መፈጠሩ ራሱ ብክነት ነው ትላለች።

የቅዳሜው ግን ከሁሉም ባሰ። ደባርቅ ገበያ ውላ ስትመለስ ቱሪስት ወደ ተራራው የሚያወጡት በቅሎዎች መንገድ ዳር ተሰልፈው ቆመዋል። ከመሀል ዳማዋ የወንድሟ የክንዴ ናት። ከኮርቻዋ ሥር ነጭ ነገር ሾልኮ ይታያል። ቀረብ ብላ ጫፉን ስትገልጠው የራሷን ጽጌረዳ አገኘችው። ለክንዴ ሰርግ ክረምቱን ሙሉ ዓይኗ እስኪቀላ የሠራችው የአልጋ ልብስ ነው፤ በላዩ ላይ ጉልበቱን ፀሐይ የላጠው ፈረንጅ ተኮፍሶበታል። ጥጉ ተቀዶ በጥቁር ክር ተተብትቧል። እጅ ሳይሆን እግር ያላት ሴት ነው የሰፋችው።

«ይህን ከአልጋ ማን አወረደው?» አለች።

ክንዴ ከበቅሎዋ ሆድ ሥር ጎንበስ ብሎ የኮርቻውን ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመረ። የጠበቀውን መልሶ ያጠብቃል። «እታለም ደግሞ፣ የቤቱን ዕቃ የምታዘው እየሩስ አይደለች?» አለ እዚያው እንዳጎነበሰ።

በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች። ማንጠግቦሽ ይህን ለስንቱ ስትተርት ኖራ ያን ቀን ግን ትዝ አላላትም። የወንድሟን ሚስት ስም መስማቱ በቃት። እየሩስ የዛሪማ ልጅ ናት፤ ቆለኛ። ቆለኛ ደግሞ ምን ብርድ ያውቃል? ዳንቴል የት አባቱ አይቶ? ከሰርጉ ቀን ጀምሮ በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ «ያች ቆለኛ» ነው የምትላት።

ነገሩን ያከፋው የክርስትናው መድረስ ነው። ክንዴና እየሩስ ከስንት ዓመት ጥበቃና ስለት በኋላ ሴት ልጅ ወልደዋል። ማንጠግቦሽ አልወለደችም። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ክንዴን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ይህችን ሕፃንም እንደ ልጅ ልጇ ስትጠብቃት ኖራለች። የክርስትና ቀሚሷ አልቆ አንገቱ ብቻ ቀርቶታል። አሁን ግን ማለች። ቀሚሱን ለጎረቤት ትሰጠዋለች፤ ክርስትናውም ይቅርባት፤ የዚያን ቤት ደጅ ዳግመኛ አትረግጥም። ለበቅሎ ጋጣ ዳንቴል አይሠራም አለች። ይህንኑ ለቆለኛዪቱ ፊት ለፊት ልትነግራት፣ ክንዴ ከተራራው በተመለሰ ማግስት ሄደች።

ክንዴ ጠላ ቤት ገብቷል። እየሩስ ሕፃኗን አዝላ ግቢው ውስጥ ተቀምጣለች። የአልጋ ልብሱ ታጥቦ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል፤ በጆንያ መርፌ ትሰፋዋለች።

«ለበቅሎ ማልበስሽ ሳያንስ በጆንያ መርፌ ትወጊው ጀመርሽ?» አለች ማንጠግቦሽ።

«ይቀመጡ እትዬ» አለች እየሩስ መርፌውን ሳታስቀምጥ። «እኔ አልጋ ላይ አነጥፈዋለሁ፤ ክንዴ ገፎ ይወስደዋል። ወፍራም ስለሆነ የበቅሎዋን ጀርባ አይልጥም ይላል። ሲመልሰው አጥቤ እሰፋዋለሁ። ያለኝ መርፌ ይኸው ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ አናግረውኝ ያውቃሉና? ይቅርታ ያድርጉልኝና እትዬ፣ የእርስዎ ነገር አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።»

ማንጠግቦሽ ጎንበስ ብላ የአልጋ ልብሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። ከእሷ ጽጌረዳ ይልቅ የእየሩስ ጥቁር ክር በዝቶበታል። ሌላ ሴት ብትሆን ገና ድሮ ለእሳት ማቀጣጠያ ታደርገው ነበር። አፈረች፤ በጣም አፈረች። ክንዴን ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሰው መናቅንም ከእሷ ነው የተማረው። ወጥታ ሄደች፤ እቤቷ ስትደርስ የቀሚሱን አንገት ጨረሰችው።

በክርስትናው ዕለት ቤቱ በዘመድ ሞልቶ ሳለ መጣች። ቀሚሱን ለሕፃኗ ለሶልያና አለበሰቻት። ራሷ የምትሠራበትን ኪሮሽ ከነክሩ ለእየሩስ ሰጠች። ከዚያ ትልቅ ጥቅል ክንዴ እግር ሥር አስቀመጠች። ክንዴ ጋቢ መስሎት በሰው ፊት እየሳቀ ፈታው። ጆንያ ነው፤ ገለባ ተጠቅጥቆበት፣ በኮርቻ ልክ ተቆርጦ፣ ዙሪያው ጽጌረዳ በጽጌረዳ የሆነ።

«እታለም፣ ይህ የበቅሎ አይደለም እንዴ?» አለ።

«በቅሎዋማ የአልጋ ልብስ አላት» አለች ማንጠግቦሽ። «ይህ ለአንተ አልጋ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ክንዴ ጆንያውን እንደታቀፈ አንገቱን ደፋ። እየሩስ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ማንጠግቦሽ ሶልያናን ከእጇ ተቀብላ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ነገ ኪሮሹን ይዘሽ ነይ፣ እየሩስ» አለቻት። «እጅሽ አሁንም እግር ነው።»