የአግነስ ልጅ መጣ ወይ?

ብርነሽ ግንቦት ላይ ቅቤ አሳረረች። የሰሙ ደንበኞቿ አላመኑም። ከልጅነቷ ጀምሮ ሶዶ ገበያ ቅቤ ስትሸጥና ስታነጥር የኖረች ሴት ናት፤ እንኳን ልታሳርር፣ የሰው ቅቤ ሲያር ከሩቅ ሸትቷት የምትቆጣ። እሷም ጥፋቱን በከሰሉ አሳበበች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ቅቤው ሲያር እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ፣ አግነስ የምትባል የባሕር ማዶ ሴት ለመርከቡ አለቃ በሯን ትክፈት አትክፈት እያለች ትጨነቅ ነበር።

ሱቃቸው አንድ ክፍል ነው፤ መጋረጃ ለሁለት ይከፍለዋል። በአንዱ ወገን የብርነሽ ቅቤና የቃሪያ ዳጣ፣ በሌላው የባሏ የፍቅረማርያም የልብስ ስፌት መኪና። ፍቅረማርያም በብዛት የሚሠራው የሰልቫጅ ልብስ ማሳጠር ነው። አንድ ቀን ነጋዴ ካመጣለት ትልቅ ካፖርት የውስጥ ኪስ ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አገኘ። ባለ ካፖርቱ "ለልጅህ ስጣት፤ እኔ ወረቀት አልሸጥም" አለውና ሳቀ።

ልጃቸው ቤዛዊት የዛኔ መጽሐፍ ሳይሆን ተአምር ነበር የሚያስፈልጋት። ባለፈው ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትና ለትንሽ ሳታልፍ ቀርታለች፤ የጎተታትም እንግሊዝኛው ነው። ዘንድሮ በግል ተመዝግባለች። ብርነሽም ቁርጡን ነግራታለች፦ አሁን ካለፈች ዩኒቨርሲቲ፣ ካላለፈች ተበላ ከተማ ከአክስቷ ጋር ገበያ። ይህን ስትናገር ኮስተር ብላ ነበር፤ ማታ ግን ልጇ ተበላ ገበያ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ እየታያት ሆዷ ይባባ ነበር።

ስለዚህ ብርነሽ ጠያይቃ ሀንድአውት ገዛች፤ ከላይ እስከ ታች የእንግሊዝኛ ቃል ከነፍቺው የተደረደረበት። ቤዛዊት ጠዋት ሸምድዳ ለምሳ ሲቀርቡ ግማሹ ጠፍቷታል። ልብ ወለዱ ግን ሌላ ነገር ሆነ። አባቷ መኪናውን እየረገጠ "እስቲ ምን ይላል?" ይላታል፤ እሷ እያነበበች በአማርኛ ትነግረዋለች። አግነስ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጇ በመርከብ ሄዶ የቀረባት ሴት ናት። ወደቡ ዳር ሱቅ ከፍታ፣ ከመርከብ የሚወርደውን ሁሉ እየጠየቀች ትጠብቀዋለች።

ፍቅረማርያም እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ግን የተዘለለ ስፌት አያመልጠውም።

"ቆይ፣ ቆይ። አሁን በሩ ተዘግቶ አልነበር? ሰውዬው በየት ገባ?"

"አንድ ቃል አላወቅኩም፣ አባ፤ ዘለልኩት።"

"ታዲያ በሩ ያለው የዘለልሽው ላይ ነዋ! ተመለሺ።"

ትመለሳለች። ከፊቱ ያለውን፣ ከኋላው ያለውን ታነባለች፣ ትገምታለች፣ መዝገበ ቃላት ታያለች። እንዲህ ያገኘችው ቃል ደግሞ አይጠፋባትም። አንድ ጊዜ ብርነሽ ልትፈትናት ከሀንድአውቱ ላይ ፊደሉን ቆጥራ "ሪላክታንት" ብላ ብትጠይቃት፣ ቤዛዊት ሳታስብ "አግነስ ለመርከቡ አለቃ በሩን ስትከፍት እንደነበረችው ነው፤ እያቅማማች" አለች። ብርነሽ አፏን ያዘች። በሩ የተነበበውና ቅቤው ያረረው በዚያው ቀን ጠዋት ነበርና፣ ከመጋረጃው ጀርባ የሰማችውን እንዳታወጣ ፈራች።

ምክንያቱም ብርነሽ በይፋ የልብ ወለዱ ጠላት ነበረች። "ፈተና ተረት አይደለም!" ትላለች በመጋረጃው በኩል። "ሴትዮዋስ ብትሆን ምን ዓይነት ነጋዴ ናት? ዝናብ በመጣ ቁጥር ሱቅ ዘግታ ባሕር ታያለች!" ባልና ልጅ ይተያያሉ፤ የማትሰማ ሴት ስለ ዝናቡ እንዴት አወቀች ብለው ግን አይጠይቋትም። ቁጣዋን ያውቁታል።

ቅቤው ባረረ ማግስት ግን ነገሩ መረረ። ብርነሽ በራሷ ተናዳ ነበር፤ በራስ መናደድ ደግሞ አይመችም፣ ሌላ ሰው መፈለግ አለበት። ሀንድአውቱን አየችው፤ አቧራ ጠጥቷል። መጽሐፉን ብድግ አደረገች፣ ጓሮ ወረደች፣ ቅቤ እንደምትጠቀልለው አድርጋ በእንሰት ቅጠል ጠቀለለችው፣ በቃጫ አሰረችው፣ የተሰነጠቀ የቅቤ ማሰሮ ውስጥ ከትታ ከደነችው። ቤዛዊት አንድ ቀን ፈለገች። በማግስቱ መፈለጉን ተወች፤ ምንም ሳትጠይቅ ሀንድአውቱን ይዛ ተቀመጠች። ከመጋረጃው ማዶ ጨዋታው ቀረ፣ መኪናው ብቻ ይጮኻል።

ብርነሽ እፎይ ትላለች ስትባል ጭንቀቷ የዛኔ ጀመረ። ልጅቷ ዝም ስትል ልቧን የሰበረችው መሰላት። ቤዛዊት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብታ ተፈትና ስትመለስ "እንግሊዝኛው ረጅም ምንባብ በዝቶበት ነበር" ያለች ጊዜ ደግሞ ብርነሽ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ምንባብ! ልጅቷን ምንባብ ያስለመዳትን ነገር ማሰሮ ውስጥ የከተተው ማን ነው? ብትወድቅ የጣልኳት እኔ ነኝ አለች። ለማንም አልተናገረችም፤ ክረምቱን ሙሉ ይህን ይዛ ከረመች።

መስከረም ገባ። ለአገሩ ዘመን መለወጫ ለጊፋታና ለመስቀል ቅቤ ፈላጊው ሱቁን ሞላው። አንድ ጠዋት "ዛሬ ውጤት ይለቀቃል" ተባለ። ቤዛዊት ስልኳን ይዛ በር ላይ ቆመች፤ ኔትወርኩ ይሽከረከራል፣ አይከፍትም። ብርነሽ የልጇን ጀርባ ማየት አቃታት። ውጤቱ ሳይመጣ ልንገራት፣ የመጣው ይምጣ ብላ ቆረጠችና ቅጠል ልቁረጥ ብላ ጓሮ ወረደች። ማሰሮውን ከፈተች።

ጥቅሉን አወጣችና ቀጥ አለች።

ቅጠሉ አረንጓዴ ነው።

ዕድሜዋን ሙሉ ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላለች። ግንቦት ላይ የጠቀለለችው ዛሬ ቡናማ ሆኖ፣ ሲነኩት መፈርፈር ነበረበት። ይሄ የትናንት ቅጠል ነው። ቃጫውም የእሷ አስተሳሰር አይደለም፤ ብርነሽ እንዲህ ልፍስፍስ ያለ ቋጠሮ ቋጥራ አታውቅም። ገለጠችው። መጽሐፉ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ ዳር ዳሩ በጣት ብዛት ወዝቷል፣ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ።

ማሰሮው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አንብባዋለች። ይቺ ሌባ! አንብባዋለች! ክረምቱን ሙሉ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተንከባሎ ወረደ፤ ብቻዋን፣ ቀሚሷ ጭቃ ላይ፣ እየሳቀች ፈጣሪዋን አመሰገነች።

"እማ! እማ!" የሚል ጩኸት ሰምታ ስትሮጥ ቤዛዊት አባቷ አንገት ላይ ተጠምጥማለች። አልፋለች። ከግማሽ በላይ ብቻ አይደለም፣ በደንብ አልፋለች።

"እንግሊዝኛው?" አለች ብርነሽ።

"ሰባ አንድ!"

ፍቅረማርያም ዓይኑን በሚያሳጥረው ሱሪ ጠረገ። ብርነሽ አላለቀሰችም። ጥቅሉን ከነጠላዋ ስር አወጣችና "ይሄን ማነው እንዲህ ያሰረው?" አለች።

ቤዛዊት ደነገጠች። "በማግስቱ ማሰሮው ውስጥ አገኘሁት፤ አንቺ ገበያ ስትወጪ አነበው ነበር… ቅጠሉ ደርቆ ስገልጠው ሲቀደድ፣ እንዳትነቂብኝ እቀይረው ነበር። ውጤቱን ስጠብቅ ሲጨንቀኝ ደግሞ እንደገና ጀመርኩት።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ሌላ ቦታ ትደብቂው ነበራ።"

"ከፈተናው በኋላስ?"

"ከፈተናው በኋላማ፣ ብወድቅ በልብ ወለዱ ነው እንዳትዪ ፈርቼ።"

ብርነሽ ልጇን አየቻት። አንዷ በመደበቋ፣ አንዷ በማንበቧ፣ አንድ ቤት ውስጥ ለየብቻ ሲፈሩ ከርመዋል። ልትቆጣ አስባ ነበር፤ አልመጣላትም። መጋረጃውን ሰብስባ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው፣ የባሏን በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

"በይ ንገሪኝ" አለች። "የአግነስ ልጅ መጣ?"

ፍቅረማርያም መኪናውን አቆመ። እሱም መጨረሻውን አልሰማም።

"መጣ" አለች ቤዛዊት። "ዝናብ ቀን ነው። የዛን ቀን ግን ሱቋን አልዘጋችም። ከመርከብ የወረደ አንድ ጎልማሳ ገብቶ ዳቦ ጠየቃት። እየጠቀለለችለት ድምፁን ለየችው።"

ብርነሽ ለልጇ ውጤት እምቢ ያላት እንባ የዛኔ ወረደ። በነጠላዋ ተሸፍና ተንሰቀሰቀች።

በዚህ መሃል ፈጠነች የምትባል የሻንቶ ከተማ ደንበኛዋ በአገሩ ቋንቋ "ሳሮ!" ብላ ሰላም እያለች ለመስቀል ቅቤ ልትገዛ ገባች። ብርነሽን አየች፣ የልጅቷን ስልክ አየች፣ ፊቷ ጨለመ።

"አይዞሽ የኔ እህት፣ ዝም በዪ። ሌላ ዓመት አለ። ልጅ ወደቀ ብሎ እንዲህ አይለቀስም።"

"ማን ወደቀ?" አለች ብርነሽ ቀና ብላ። "ልጄ አልፋለች! እኔ የማለቅሰው የአግነስ ልጅ ስለተመለሰ ነው።"

"እሰይ! አግነስ የቷ ናት?"

ብርነሽ ዓይኗን ጠረገችና ቅቤ ልትመዝን ተነሣች።

"አታውቂያትም" አለች። "እንደኛው ነጋዴ ናት።"