ቶሎ የተገኘ ዕቃ

ጎረቤቶቿ «እትዬ ይቆይ» ነው የሚሏት። እግሩ የተሰበረ ወንበር አይተው «ኧረ ይሄ ይጣል» ካሏት «ይቆይ» ትላለች። ክዳኑ የጠፋ ድስት፣ ጆሮው የወለቀ ስኒ፣ ልጆቿ ትተውት የሄዱት ጫማ፣ ሁሉም «ይቆይ» ነው። እንዲህ ሲቆይ ሲቆይ ቤቱ ሞላ። ከበሩ እስከ ጓዳ ባለው መተላለፊያ ግራና ቀኝ ካርቶን ተደርድሮ፣ ሰው በጎኑ ካልሆነ አያልፍም። ከላይ የምትኖረው ጡረተኛ አዋላጅ አንድ ቀን እዚያ መሀል ተቀርቅራ «ስንቱን ከጠባብ ቦታ አውጥቼ፣ እኔን የሚያወጣኝ ልጣ!» ብላ ሰፈሩን አስቃለች።

ሰው ያላወቀው ነገር ግን አለ። ዕቃው ይብዛ እንጂ፣ የቱ የት እንዳለ እሷ አሳምራ ታውቃለች። ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ዕድሜዋን አንሶላ ስታጥፍ የኖረች ሴት ናት። ዓይኗን ጨፍና እንኳ የትኛው ካርቶን ምን እንደያዘ መናገር ትችላለች። አትናገርም እንጂ።

የማትናገረው በልጇ ምክንያት ነው። ባሏ ካረፈና ሴቷ ልጇ ራቅ ያለ ከተማ አግብታ ከሄደች ወዲህ በሯን የሚያንኳኳው ወንዱ ልጇ ብቻ ነው። ኤሌክትሪሺያን ነው። ሥራ ሲጀምር ዕቃውን እሷ ዘንድ አራገፈ፣ የራሱን ቤት ሲይዝም አላነሳውም። ገመድ፣ ሶኬት፣ ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚያይበት ቴስተር፣ አሮጌ ቆጣሪ፣ በየጣሳው የተሞላ ብሎን። ሥራ ላይ የሆነ ነገር ሲጎድለው ይመጣና መሬት ላይ ዘርፈጥ ብሎ ካርቶን ይዘረግፋል። እሷ ሻይ ታፈላለች። እሱ ይፈልጋል። ሲፈልግ ደግሞ ያወራል።

ይሄ ልጅ ድሮም ፊት ለፊት አስቀምጠው ቢጠይቁት ቃል አይወጣውም፤ እንደ አባቱ ነው። እጁ ሥራ ሲይዝ ግን አፉ ይፈታል። ወገቡን እንደሚያመው የሰማችው ብሎን ሲለቅም ነው። ሚስቱ ለሁለተኛ ጊዜ እንዳስወረዳት የነገራትም የተጠላለፈ ገመድ ሲፈታ፣ ቀና ሳይል ነው። ታዲያ ምን ታድርግ? ፒንሳው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ እያወቀች «እዚያኛው ካርቶን ውስጥ ያየሁት መሰለኝ» ትላለች። እሱም ያንን ይዘረግፋል። ማታ ስትጸልይ «አምላኬ፣ ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን የሰው ሐቅ አልነካሁም» እያለች ከፈጣሪዋ ጋር ትደራደራለች።

አንድ ቀን መተላለፊያው ላይ አደናቀፋትና ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። አዋላጇ ዝም አላለችም፤ ለሴቷ ልጅ ደውላ ተናገረች። ልጅቱ ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ወስዳ፣ ቁልል ፕላስቲክ ሳጥንና ጥቅል የቆሻሻ ከረጢት ይዛ ከች አለች።

«እማ፣ ቤት ሲቀል ልብም ይቀላል። እንቅልፍሽ ራሱ ሲለወጥ ታዪዋለሽ።»

«የኔ ልብ ምን ሆነ አሉሽ?»

«ዓመት ሙሉ ያልነካሽው ነገር አያስፈልግሽም ማለት ነው። ደንቡ እሱ ነው።»

«እንግዲያው አንቺንም ዓመት ሙሉ አልነካሁሽም።»

ልጅቱ ሳቀች። ሳቋ ግን መሀል መንገድ ላይ ቀረ። ከረጢቱን አስቀምጣ መጥታ እናቷን አቀፈቻት፤ ትንሽ ቆየችና «በወሬ አትያዥኝ» ብላ ወደ ካርቶኖቹ ተመለሰች።

ቀኑን ሙሉ ሲያወርዱ፣ ሲለዩ፣ ሲያወጡ ዋሉ። ልጅቱ አንሶላ አንስታ «እማ፣ እንዲህ አድርገሽ ስታጥፊው ቦታ አይዝም» ልትላት ስትጀምር፣ እናት ከእጇ ተቀብላ በሁለት ምት አጥፋ ድፍን እንደ መጽሐፍ አድርጋ መለሰችላት።

«ውይ! ለቀባሪው አረዱት» አለች ልጅቱ።

የራሷን የተማሪ ቤት ደብተሮች ግን ሳትገልጣቸው ከረጢት ውስጥ ከተተቻቸው። እናት አንዱን ልታወጣ እጇን ሰደደች፣ መልሳ ሰበሰበችው። ያን ጊዜ «ይቆይ» አላለችም። ልጅ ጥላው የሄደችውን እናት ብትይዘው ምን ይሆናል?

ልጅቱ ስትሄድ ሁሉም በየሳጥኑ ገብቶ፣ መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ፣ በየሳጥኑም ላይ ተጽፎበት ነበር። «አምፖል»። «ካቻቢቴና ፒንሳ»። «ቴስተር»። የትም የማይመደበው ደግሞ «ልዩ ልዩ»።

ቤቱ በእውነት አማረ፤ የአምላክን እውነት መካድ ነውር ነው። ካርቶን የጋረደው መስኮት ተገለጠ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ እስከ አልጋዋ እግር ገባች። ወለሉ መሀል ተንበርክካ ስትጸልይ ክርኗ ምንም አልነካም። «ተመስገን፣ ለካ ይሄን ያህል ሰፊ ቤት ነበረኝ» አለች። ሌሊቱንም ጥሩ ተኛች።

በሳምንቱ ወንዱ ልጇ መጣ። ድምፁን ገና ከደረጃው ስትሰማ ጀበናውን ሳይሆን ማንቆርቆሪያውን ጣደች፤ እሱ ሻይ ነው የሚወደው። ገብቶ መደርደሪያውን ሲያይ አፉን ያዘ።

«እማ! ይሄ ሱቅ ነው ቤት?»

«እህትህ ናት።»

ጽሑፉን አነበበ፣ ሳጥኑን ሳበ፣ ካቻቢቴውን አወጣ። «አገኘሁት! ተባረኪ በይልኝ» ብሎ ጉንጯን ስሞ ወጣ። ለካ ከታች ያቆመውን ሞተር ሳይክሉን እንኳ አላጠፋውም ነበር። ድምፁ መንገዱን ይዞ እየራቀ ሄደ፣ ጠፋ። ውሃው ገና አልፈላም። ሁለቱን ብርጭቆ እያየች ቆመችና አንዱን መልሳ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባችው።

በሚቀጥለው ጊዜም እንዲያው ሆነ። ገባ፣ አነበበ፣ ወሰደ፣ ሄደ። «ስንቱን ሰዓት ነው ድሮ ያቃጠልነው!» ብሎ ሳቀ ደግሞ። እሷም ሳቀች። ምን ትበል? ከሄደ በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ ብቻ ነበር። ድሮ ካርቶኑ ድምፁን ይውጠው ነበር መሰል።

ከዚያ አንድ ቀን ደወለ። «እማ፣ ነገ በዚያ በኩል ሳልፍ ቴስተሩን እወስዳለሁ። ከታች ሆኜ ጥሩምባ ስነፋ ብታወርጂልኝ ደግሞ ደረጃውንም አልወጣም።»

«ጉልበቴን ያመኛል፣ ውጣና ውሰድ» አለች፤ ይሄ ውሸት አልነበረም።

ስልኩን ዘግታ ተነሳች። የቴስተሩንና የአምፖሉን ሳጥን አወረደች፣ «ልዩ ልዩ» የሚለውንም አወረደች። ልትደባልቃቸው ነው። ሁሉንም እንደ ድሮው ልታደርገው ነው። አንድ እፍኝ ብሎን ዘግና ከአምፖሎቹ ላይ ያዘችው። እጇ ግን እምቢ አላት። ስንት ዓመት የቆሸሸውን ከንጹሕ ሲለይ የኖረ እጅ ነው። ደግሞስ የገዛ ልጇን በብሎን ልታጠምደው? «እንዲህስ አልዋረድም፣ አምላኬ ያየኛል» አለችና ብሎኑን ወደ ቦታው መለሰች። ቴስተሩን ብቻ አውጥታ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችውና ሳጥኖቹን መደርደሪያው ላይ መለሰች።

በማግሥቱ ልጇ ደረጃውን እየሮጠ ወጣ። ሳጥኑን ከፈተ፣ በእጁ ፈተሸ፣ ዘወር አለ።

«እማ፣ እዚህ የለም እኮ።»

«አውቃለሁ። እኔ ጋ ነው።» ኪሷን መታ መታ አደረገች።

«ስጪኛ ታዲያ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው!»

«መጀመሪያ ሞተርህን አጥፋና ና። ቁጭ በል።»

«ምነው? አመመሽ እንዴ?»

«አላመመኝም። ናፍቀኸኝ ነው።»

ቃሉ ካፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። እሱም በቆመበት ትንሽ አያትና ወጣ። ሄደ፣ አለች በልቧ፤ አሳፈርኩት። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ጸጥ አለ። እግሩ ደረጃውን በቀስታ ሲወጣ ሰማች።

መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሻይ ቀዳችለት።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«ደህና።»

«ሥራስ?»

«ተመስገን።»

በቃ፣ አለቀ። እሱ እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፣ ያነሳል፣ ብርጭቆውን ያዞራል። እሷ ጠረጴዛው ላይ የሌለ ፍርፋሪ ትጠርጋለች። ያ ሁሉ ካርቶን ሲነሳ የቀሩት እነሱ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ ባዶ ክፍል ውስጥ ማውራት አያውቁበትም። አሳዘናት። ለሱም ለራሷም። ቴስተሩን ከኪሷ አወጣችና «እንካ የኔ ልጅ፣ ሂድ። ሥራህ እንዳይበደልብህ» አለችው።

አልተቀበላትም። ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ነበር።

«ያ ‹ልዩ ልዩ› የሚለው... እዚያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ስፕሪንግ ነበረችኝ።»

«ስፕሪንግ?»

«አዎ፣ ሳትኖር አትቀርም።»

ተነስቶ ሳጥኑን አወረደና ወለሉ መሀል፣ ፀሐዩ ላይ ዘረገፈው። ዘርፈጥ አለ። እሷ ስፕሪንግ የሚባል ነገር እዚያ ውስጥ እንደሌለ ታውቃለች፤ ራሷ ናት የሞላችው። እሱም እንደሌለ ያውቃል። ይሄን ዓይነት ውሸት ከማንም በላይ ታውቀዋለች፣ ስለዚህ ቴስተሩን ኪሷ መልሳ፣ ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ አጠገቡ ተቀመጠች። ብሎን መልቀም ጀመሩ፤ ትልቁን ወደዚህ፣ ትንሹን ወደዚያ።

ስልክ ደውሎ «ጌታዬ፣ ነገ ጠዋት ልምጣልህ፣ እናቴ ጋ ነኝ» አለ። ከዚያ ወደ ብሎኑ ተመለሰ። በኋላ፣ አንድ ዝገት የበላውን ብሎን በጣቱ እያሻሸ፣ ቀና ሳይል፣

«እማ፣ ሚስቴ እንደገና ፀንሳለች።»

እሷም ቀና አላለችም። ቀና ካለች እንደሚዘጋ ታውቃለች። «እሰይ» አለች ቀስ ብላ።

«ለማንም አልነገርንም። ፈራን።»

«እኔም ለማንም አልናገርም። አዋላጇ ራሷ አትሰማም።»

«እሷማ አሽትታም ታውቀዋለች» አለና ሳቀ፤ ሲስቅ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

ፀሐዩ ከወለሉ ሸሽቶ ግድግዳው ላይ ሲወጣ ተነሳ። ጉንጯን ሳመና ወረደ። ሞተሩ ሲነሳ ነው እጇን ኪሷ ብትከት ቴስተሩን ያገኘችው። ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ልትጣራ አፏን ከፈተች። መንገዱ መታጠፊያ ላይ ደርሷል።

ቤቱ መልሶ ዝም አለ፤ ማቀዝቀዣው ጉርምርምታውን ጀመረ። ቴስተሩን ወሰደችና ሳጥኑ ውስጥ ከሁሉም በላይ፣ ክዳኑ ሲነሳ መጀመሪያ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ላይ አስቀመጠችው። ነገ ቸኩሎ ቢመጣ ቶሎ እንዲያገኘው። ከዚያ እሱ ያልጨረሰውን የቀዘቀዘ ሻይ ይዛ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። በታች በኩል ሞተር ሲያልፍ ጆሮዋን ትሰጣለች፤ የሱ አለመሆኑን ትለይና ትንሽ ፉት ትላለች።