የዓሣ ነባሪው ጥርስ

ሮዳስ ልትነሳ ስትል ወይዘሮ ማናልሞሽ ክንዷን አፈፍ አድርገው ያዙ።

"አንቺም ትተሽኝ ልትሄጂ?"

"መጣሁ፣ እትዬ። ቤተ ሙከራ ደርሼ ነው።"

"ልጄም ትናንት 'መጣሁ' ብሎኝ ነው የወጣው።"

ሮዳስ ተመልሳ ተቀመጠች። የአከራይዋ የወይዘሮ ማናልሞሽ ልጅ ጌታሁን ከአማን ከተማ ሲመለስ ሞተር ሳይክሉ ተገልብጦበት ሞቶ፣ ዛሬ ረፋድ ላይ ነው የተቀበረው። ቴፒ ላይ ሐዘንተኛ ጥሎ የሄደ ሰው ነገ የራሱ ሲደርስ ድንኳኑ ባዶ ይሆናል።

ልቧ ግን ቤተ ሙከራው ውስጥ ነበር። ከማጂ በታች ካለው ቆላ አንድ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ተገኝቷል፤ ድንጋይ የሆነ፣ ጥንታዊ። ዓሣ ነባሪንና ከባሕር የራቀውን ማጂን ምን አገናኛቸው? ባሕሩ እዚያ ድረስ ገብቶ ነበር ወይስ እንስሳው ወንዝ ተከትሎ ወጣ? የዋኘበት ውሃ ጨዋማ ይሁን አይሁን፣ በጥርሱ ሽፋን ውስጥ የቀረው ኦክስጅን ይናገራል። ጥርሱን የያዘው ሙዚየም ለምርምሯ የፈቀደላት፣ ያውም ስትለምን ከርማ፣ አንዲት ፍቅፋቂ ብቻ ነው። ያንን ዱቄት የተጣበቀበትን ኖራ እንዲያነሳላት ማለዳ አሲድ ውስጥ ከተተችው። ቀብር ደርሳ ልትመለስ ነበር። ከቀትር ካለፈ አሲዱ ጥርሱንም ይበላዋል።

ወይዘሮ ማናልሞሽ ጉልበቷ ላይ ተደፍተው ሲያለቅሱ እሷ አሲዱን ታስባለች። እንባ እንኳ አልመጣላትም። በራሷ አፈረች።

የቤተ ሙከራው ቴክኒሺያን ሸዋንግዛው ለቅሶ ሊደርስ የመጣው አመሻሽ ላይ ነው። ያኔ ሴቶቹ ሐዘንተኛዋን ሲቀበሏት ተከትላው ወጣች። ቤተ ሙከራው ደርሰው ብልቃጡን ወደ መብራት ከፍ አድርገው አዩት። ከሥሩ የቀረችው ነጭ ዝቃጭ ለምንም አትሆንም።

"የጉማሬ ጥርስ አለን" አለ ሸዋንግዛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እሱን ፈጭተሽ ለምርመራ ላኪው። ማን ያውቃል?"

"ጉማሬ እኮ ወንዝ ውስጥ ነው የኖረው። ዓሣ ነባሪውን በውሸት የወንዝ ላድርገው?"

"ታዲያ ያ ሁሉ ልፋትሽ ገደል ይግባ?"

"ገብቷል" አለችና ብልቃጡን ደፍታ አጠበችው።

ድንኳኑ ስትደርስ ለቅሶዋ ገንፍሎ ወጣ። ቁጭ ካለችበት ተንሰቀሰቀች።

"እንዴት ትወደው ኖሯል!" አሉ ሴቶቹ።

ወይዘሮ ማናልሞሽ ተጎትተው መጥተው ራሷን ደባበሱላት። "ምነው ልጄ? አንቺ ባትኖሪ ዛሬን በምን እወጣው ነበር?"

ሮዳስ ስለ ጥርሱ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና፣

"ለጌታሁን ነው፣ እትዬ" አለች።