በእፍኝ ጨው የተሸጠችው

ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአቶ ደጀኔ ደጃፍ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ግቡ ቢባሉ፣ እንደ ደንቡ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ።

«ልጅዎን ያምሮትን ለልጃችን እንዲሰጡን ደጅ ልንጠና መጣን» አሉ ቄስ ክንፈሚካኤል።

አቶ ደጀኔ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እኔ ልጅ የለኝም። ያምሮት የጎረቤቴ የባንቺአየሁ ናት። ሂዱና እሷን ጠይቁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከአጥሩ ማዶ አሮጊቷ ባንቺአየሁ፣ «አይ ደጀኔ፣ ዛሬም?» አሉ።

ነገሩ የሠላሳ ዓመት ነው። አቶ ደጀኔ ሦስት ልጆች ቀብረዋል፤ ሦስቱም ጡት ሳይጥሉ። አራተኛዪቱ ስትወለድ፣ ሞት የማን እንደሆነች እንዳያውቅባት፣ በአገሩ ልማድ ለጎረቤት በእፍኝ ጨው ሸጧት። ስሟን ያወጡላትም ገዥዋ ባንቺአየሁ ናቸው። ያደገችው ግን በአባቷ ቤት ነው። ወባ ሲጥላት ተሸክመው ቡሬ ድረስ ያደረሷት እሳቸው ናቸው፤ መንገደኛ ቢጠይቃቸው «የሰው አደራ ናት» ብለው አለፉ። አንድም ቀን «ልጄ» ብለው አልጠሯት። እሷም ኖረች። ዝምታቸው እንዳኖራት አመኑ።

በፍኖተ ሰላም የምታስተምረው ያምሮት ከጓዳ ወጣች።

«አባባ፣ እርስዎ ልጄ ብለው ካልሰጡኝ ሠርጉ ይቅር።»

«ያቆየሽ ይኸው ነው እኮ።»

«አቆይቶኛል። አሁን ግን ትልቅ ሰው ነኝ፤ ከማን ይደብቁኛል?»

«ጨዌንማ ያኔውኑ በወጥ ጨርሳችሁታል» አሉ ባንቺአየሁ። «መልስ አልልህም። ልጅህን ውሰድ።»

አቶ ደጀኔ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በተኛ አውሬ አጠገብ እንደሚያልፍ ሰው፣ በዝግታ፣ «ልጄን…» አሉ። «ልጄን ሰጥቻችኋለሁ።»

ከዚያ ጠበቁ። ምን እንደሚጠብቁ እሳቸው ያውቃሉ። ነፋሱ በጤፉ ላይ አለፈ፤ ከብት ጮኸ። ዓይናቸውን ሲገልጡ ያምሮት እንደቆመች ናት፤ ትተነፍሳለች። ግንባሯ የእናታቸው ግንባር ነበር። በጆሮዋ አጠገብ ሁለት ሽበት አዩ። ይህች ሴት ከፊታቸው እየተመላለሰች ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዴት ሳያዩዋት ኖሩ? በታቦት ፊት የቆሙ ያህል ጋቢያቸውን ሊያጣፉ እጃቸው ወደ ጫፉ ሄደ።

«ልጄ» አሉ ደግመው።

«አቤት፣ አባባ።»

ለዚያ ጥሪ መልስ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ሦስቱ ሕፃናት የሄዱት አቤት ማለት ሳይማሩ ነው።