የገራሟ ንግሥት ልጆች

ፊዴንሲያ ሰፈፉን የያዘውን የእንጨት ፍሬም ከቀፎው መዝዛ ወደ ፀሐይ አዘነበለችው። ሙሉ ነበር። እጮቹ ከዳር እስከ ዳር በሰም ተሸፍነዋል፤ አንድም ባዶ ጉድጓድ አይታይም። ደስ ሊላት በተገባ ነበር፤ እርሷን ግን አላላትም። እንቁላሉን የጣለችው የእርሷ ንግሥት አልነበረችምና።

"ምን አገኘሽ?" አለ ባሏ ኤርሚሎ፣ ከተዘጋው የቤቱ በር ኋላ ሆኖ።

"ቆይ፤ ገና ነው።"

ኤርሚሎ የጭስ ማጨሻው ከተለኮሰ ደጃፉን አያልፍም። ከዓመታት በፊት ቁጡ ንቦች በወረዱበት ቀን እርሱ ሮጦ አምልጧል፤ ከዛፉ ሥር የታሰረችው በቅሎው ግን ገመዷን የሚፈታላት አጥታ እዚያው ተነድፋ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስቱ ከአንዲት ገራም ንግሥት ልጆች በቀር ሌላ ዘር አላረቡም። ቁጡ ንግሥት ባገኙ ቁጥር ገደሉ። ሌሊት የሚተኙትም በዚህ ተማምነው ነበር።

አሁን የቀፎው ንብ እየሳሳ ነው። በሽታ ከሆነ ቀፎዎቹ ሁሉ ይቃጠላሉ፤ ከማር በቀር መተዳደሪያ የላቸውም። ፊዴንሲያ ጥፋቱ የበሽታ ይሁን የንግሥቲቱ ለመለየት ንብ አርቢ ከሆነው ከአበልጇ ከቬናንሲዮ ጋር እንቁላል የያዘ ፍሬም ተለዋውጣ ነበር፤ የእርሱ በእርሷ ቀፎ፣ የእርሷም በእርሱ ቀፎ እንዲያድግ።

ቬናንሲዮ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለውን የእርሷን ፍሬም ይዞ ገባ። አንድ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል።

"ዓይንህን ማን ነው የመታህ? ሚስትህ ናት?" አለ ኤርሚሎ በበሩ ስንጥቅ።

"ንቦቼ ናቸው። ሚስቴማ ብትሆን ሁለቱንም ነበር!"

ጨርቁን ገለጠ። ሰፈፉ ብል እንደ በላው ጋቢ ተበሳስቷል።

"አየሽ አበልጄ፣ ሠራተኞችሽ ጤነኞች ናቸው፤ የእኔን አሳምረው አሳደጉ። የአንቺን ግን የእኔዎቹም አጽድተው ጣሉት። ጥፋቱ የንግሥቲቱ ነው።"

"ገና ወጣት እኮ ናት።"

"ወጣትማ ናት። ያገባችው ግን ወንድሞቿን ነው፤ እንቁላሏ የማይረባው ለዚህ ነው። ምን ታድርግ? ሰማዩን የሞላው የእናንተው ድንጉላ፣ የእናንተው ወንድ ንብ ነው፤ ሌላውን ዘር ፈጃችሁት።"

ፍርሃት መልካም ዘበኛ ነው፤ ዘር መራጭ ሲሆን ግን የሚጠብቀውን ራሱን ያመክናል።

"ግደያት፤ ከቀፎዬ ትኩስ እንቁላል አመጣልሻለሁ፤ አዲስ ንግሥት ያሳድጉበታል" አለ ቬናንሲዮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ካልሆነ አበባው ሲፈካ የሚቀስም ንብ አይተርፍሽም።"

"የእርሱን ጅቦች ልታስገቢብኝ ነው?" አለ ኤርሚሎ፤ ቀልዱ ጠፍቷል። "ንገሪኝ እንጂ! በሽታ ነው አይደል?"

'አዎን፤ መድኃኒት አለው' ልትለው ትችል ነበር። ንግሥቲቱን ፈለገች፤ አገኘቻትም። ረጅም ናት፤ ወርቅማ፤ ሳትቸኩል ትራመዳለች። በሁለት ጣቶቿ ክንፏን ያዘቻት።

"በሽታ አይደለም፣ ኤርሚሎ። ጥፋቱ የገራሟ ዘር ነው። ይህችም እኅቶቿም መለወጥ አለባቸው። የሚመጡት ይናደፋሉ፤ አልዋሽህም። አንተ ሳትፈቅድ ግን አልገድላትም።"

ቬናንሲዮ መሬት መሬቱን አየ።

መቀርቀሪያው ተንቋቋ። ኤርሚሎ የፊት መረብ ሳያጠልቅ ወጣ። ወደ ቀፎው ዘወር ብሎ አላየም። አሁን ባዝራው ወደ ታሰረችበት ዛፍ፣ በቅሎዋ ወደ ሞተችበት ዛፍ፣ በቀጥታ ሄደ። ቋጠሮው እንቢ አለው፤ በጥርሱ ጭምር ታገለው። በመጨረሻ ፈታው፤ ገመዱንም ከአንገቷ አውልቆ ጣለው።

"ከእንግዲህ አትታሰርም፤ ይምጡ" አለ።

ፊዴንሲያ ንግሥቲቱን ጨፍልቃ ጣቶቿን ገጠመች።