የሚስቀው ፋኖስ

ሺዙ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፋኖስ ስትጠግን ኖራለች። ፋኖስ ስል ማታ የሚበራውን ማለቴ አይደለም። ከኮቤ ከተማ ጀርባ ኮረብታው ላይ ያለው የቀበሮዎች መንደር የተባለው መዝናኛ ለእንግዶቹ በር ላይ የሚያድለው፣ በእጅ የሚያዝ ፋኖስ ነው። ቁጥቋጦ ውስጥ ወደተደበቀች የድንጋይ ቀበሮ ሲያስጠጉት ይበራል፣ መዳፍ ውስጥ ይርበተበታል፣ ከዚያ የቀበሮ ሳቅ ይለቃል። ሌላ ሙያ የለውም፤ መልእክት አያደርስም፣ ፎቶ አያነሳም። ያቺን አንዷን ሥራውን ግን አሳምሮ ይሠራታል።

"እሑድ እንሞክራለን" አላት ኩዋባራ። ወጣቱ ኃላፊ ነው፤ ቀበሮ አጠገብ ሲደርስ እንደ ፋኖሱ የሚስቀውን የስልክ መተግበሪያ የሠራውም እሱ ነው፣ ጎበዝነቱን ማንም አይክደውም። "ግማሹ እንግዳ በፋኖስ፣ ግማሹ በስልኩ ቀበሮ ይፈልጋል። ስልክ የያዙት ብዙ ካገኙ ወርክሾፑ ይዘጋል። እንዳይቀየሙኝ፣ እትዬ ሺዙ።"

"ምን ብዬ እቀየምሃለሁ፣ አንተ ልጅ። ፋኖሶቹስ?"

"ይጣላሉ።"

የትኛው ፋኖስ ኩሬ እንደገባ፣ የትኛውን ሕፃን እንደነከሰው አንድ በአንድ ታውቃለች።

እሑድ ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሩዝ ምሳዋን ስትበላ፣ አንድ አባት ስልኩን ይዞ ከነልጁ ጉድጓድ ውስጥ በተደበቀችው ቀበሮ አጠገብ አለፈ። ስልኩ ሊስቅ ይገባው ነበር። ጭጭ አለ። ተከትለው የመጡትም እንደዚያው አለፉ።

ነገሩ ወዲያው ገባት። እዚህ አገር ሰው መሀል ስልኩን የሚያስጮህ ማን አለ? ድምፁን የሚያጠፉት ገና በገዙት ዕለት ነው። ኩዋባራም ቢሆን መተግበሪያውን የሞከረው ቢሮው ውስጥ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ነው።

ዝም ብትል አሸናፊ ናት። ዝም ልትልም ዳድቷት ነበር። ግን የሰውየው ልጅ "ቀበሮ የለም እኮ" እያለች ማልቀስ ጀመረች፤ ሺዙ ምሳዋን ጥላ ተነሳች።

"የሁሉም ስልክ ድምፁ ጠፍቷል። ንገራቸው" አለችው ኩዋባራን።

"እያሸነፉ ነው እኮ። ለምን ይነግሩኛል?"

"ልጅቷ እያለቀሰች ነዋ።"

ኩዋባራ ድምፁን እንዲከፍቱ በድምፅ ማጉያ ለመናቸው። እንግዶቹም ጨዋ ናቸው፣ እሺ ብለው ከፈቱ። የመጀመሪያው ስልክ ሲስቅ ግን ባለቤቱ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ፣ ስልኩን ብብታቸው ሥር ወሽቀው ግራ ቀኝ እጅ ነሱ። "ይቅርታ፣ ይቅርታ" አሉ። ሁለተኛዋ ቀበሮ ዘንድ ሳይደርሱ መልሰው አጠፉት። ሌላውም እንደሳቸው አደረገ። በወዲያኛው መንገድ ፋኖሶቹ እየተቀባበሉ ይንከተከታሉ፤ ይቅርታ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

አመሻሹ ላይ ኩዋባራ ወርክሾፑ መጣ።

"ፋኖሱ ይቀጥላል። ሪፖርቱን ራሴ ጽፌዋለሁ።"

"ሥራህ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ልጄ።"

"አውቃለሁ። ስልኬ ሲስቅ እኔም አፈርኩ" አለና ከጃኬቱ ሥር የተሰነጠቀ ፋኖስ አወጣ። "አከፋፈቱን ያሳዩኝ። እርስዎ ጡረታ ሲወጡ ማን ይጠግነዋል?"

ሺዙ ትንሿን ካቻቢቴ አቀበለችው። የመጨረሻዋን ብሎን አጥብቆ ፋኖሱን ጠረጴዛዋ ላይ ላለችው መሞከሪያ ቀበሮ ሲያስጠጋው፣ ሳቁ ክፍሉን ሞላው። ኩዋባራ ማንንም ይቅርታ አልጠየቀም።