ማንም ያልጣለው ማስታወሻ

«ኩባያ እንዳትይኝ!» አልኋት ልጄን ኢስራን፣ ደሴ ፒያሳ፣ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ፣ ሰው እያየን። «የፈለግሽውን የሰርግ ማስታወሻ አሠሪ፤ የኩባያን ስም ግን አታንሽብኝ!»

ንዴቴ ያለ ነገር አይደለም። የታላቅ ወንድሟ የሙዓዝ ሰርግ ጊዜ ሦስት መቶ ኩባያ አሳትመን ነበር። ኩባያው ላይ ባሌ ሸረፈዲን፣ አላህ ይርሀመው፣ እጁን ሙሽራው ራስ ላይ ጭኖ ሲመርቅ የሚያሳይ ፎቶ አለ። ሸረፈዲን ፎቶ መነሳት አይወድም። «ፊቴን ለማንም አላውስም» ይል ነበር። ኒካው የታሰረ ዕለት ሙዓዝ ጉልበቱን ስሞ ቢለምነው ነው አንዴ የተነሳው። ታዲያ እንግዳው ምን አደረገው? ሥጋውን በልቶ፣ ኩባያውን ወንበር ስር ጥሎ ሄደ። ስልሳውን በገዛ እጄ ለቀምሁ። ስልሳ!

ከዚያ ጦርነቱ ደሴ ደረሰ። ሸሽተን ስንመለስ ቤቱ ተራቁቷል። የሙዓዝ ኮምፒውተር የለ፣ የሰርጉ አልበም የለ። ፎቶ ቤቱም ተዘርፏል። ሸረፈዲን በተመለስን በአራተኛው ወር ሞተ። የመታወቂያው ፎቶስ የሚለኝ አይጠፋም። መታወቂያው አለ፤ ግማሽ ፊቱን የቀበሌ ማህተም በልቶታል።

አሁን ኢስራ ልታገባ ሦስት ሳምንት ሲቀራት፣ «እማ፣ ኩባያ አላሠራም፤ ፎቶውን ነው የምፈልገው። እኔንም አባቴ ይመርቀኝ» አለች። ማተሚያ ቤቱ አንድ ኩባያ ብቻ ካመጣን ፎቶውን አንስቶ፣ በፍሬም አድርጎ፣ ለእንግዳው ሁሉ የሚሆን ያወጣልናል። የሙዓዝ ልጆችም አያታቸውን ያዩታል። ከሦስት መቶ አንድ አይጠፋም ብለን ፍለጋ ወጣን።

መጀመሪያ ጎረቤታችን ሸዋዓለም ቤት ገባን። «ውይ፣ እንዴት ይጠፋል!» ብላ ሮጣ አመጣችው። ሽሮ ትሰፍርበታለች። ኩባያው ግን ወተት መስሏል፣ ምንም የለበትም።

«ፎቶውስ?»

«እሱማ ደብዝዞ ቢያስጠላኝ፣ በሽቦ ፈትጌ ፈትጌ አስለቀቅሁት!» ብላ ሳቀች።

«ባሌን ፈትገሽ ትስቂያለሽ?» አልኋትና በሩን ወርውሬባት ወጣሁ።

ቀጥሎ ሰኞ ገበያ፣ ሀፊዝ ሱቅ። ሀፊዝ የሸረፈዲን የልብ ጓደኛ ነበር። ከላይኛው መደርደሪያ በጨርቅ የተጠቀለለ ኩባያ አወረደልን። ጨርቁን ፈታሁት። ሙሽራውም አባቱም ፊት የላቸውም።

«ምስል ያለበት ቤት መላኢካ አይገባም፤ ፊታቸውን በምላጭ ፍቄዋለሁ» አለ ሀፊዝ አንገቱን ደፍቶ። «የሸረፈዲን እጅ ስላለበት ግን መጣል አልቻልሁም።»

ምን ይባላል? ሃይማኖቱን ልስደብ? እጁ ደህና ተቀምጧል፣ ቀለበቱ ሳይቀር። ኢስራ እጁን በጣቷ ስትዳብስ አላስቻለኝም፤ ክንዷን ይዤ ጎትቼ አወጣኋት።

በማግስቱ ኮምቦልቻ ወረድን። እትዬ ቡዜ የሸረፈዲን ታላቅ እህት ናቸው። ለቅሶው ላይ እንደሳቸው የጮኸ የለም። በስልክ «የወንድሜ ኩባያ? እንዳይኔ ብሌን ነው የያዝሁት!» ብለው ምለውልናል። ስንደርስ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«ወላሂ፣ ትናንት ተሰበረ።»

«ትናንት!» አልሁ። ደሜ ፈላ። «እትዬ ቡዜ፣ ኧረ ይፈሩ! ይኼን ያህል ዓመት ኖሮ ትናንት ተሰበረ? ለወንድምዎ ፊት የአንድ ኩባያ ቦታ ነፈጉት? ለቅሶው ላይ ያ ሁሉ ጩኸት ለታይታ ነበር?» ጎረቤት በር በሩን ከፍቶ ወጣ። እኔም አላቆምሁም።

«ጣይባ! አፍሽን ሰብስቢ!» አሉ እትዬ ቡዜ ከመቀመጫቸው ተነስተው። «እኔስ አንድ ሰበርሁ። አንቺስ? ከስደት ስትመለሱ ሌባው እንኳን ንቆ የተወው አንድ ካርቶን ኩባያ አልነበረም? ከለቀምሽው የተረፈ አርባ ኩባያ! ቤቴን አጣበበው ብለሽ፣ ‹ልዋጭ› እያለ ዕቃ በዕቃ ለሚለውጠው ሰውዬ አላስረከብሽውም? በምን ለወጥሽው? በፕላስቲክ ሳፋ! ወንድሜ ተቀምጦ እያየ!»

ኢስራ ዞር ብላ አየችኝ። ያኔ አዲስ አበባ ትምህርት ላይ ነበረች፤ ይኼን አታውቅም።

እውነት ነው። ያኔ ቤቱ ባዶ ነበር፣ ልብስ ማጠቢያ እንኳን አልነበረኝም፣ ሸረፈዲን ደግሞ በሕይወት ነበር። ባሌ ራሱ ፊቴ ተቀምጦ ፎቶው ምን ሊፈይድልኝ? እንዲያውም «ገላገልሽኝ» ብሎ ስቆ ነበር። ይኼን ሁሉ ለልጄ ልነግራት ስል ቀድማኝ ወጣች። 

በሚኒባስ ደሴ ተመለስን። ቤት ስንገባ ኢስራ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄዳ ሳፋውን ቆማ አየችው። ልብስ ዘፍዝፌበት ነበር። ከዚያ ማተሚያ ቤት ደውላ «ይቅር» አለች።

«ታዲያ ለእንግዳው ምን ልትሰጪ ነው?» አልሁ።

«ሳፋ።»

«ምን?»

«ሳፋ፣ እማ። ሰው የማይጥለው እሱን ነው።»

ንዴት ነው፣ ያልፍላታል ብዬ ነበር። የሰርጉ ዕለት ድንኳኑ በር ላይ ሁለት መቶ ሳፋ፣ ሰማያዊና ቀይ፣ ተከምሮ አየሁ። እንግዳው ደግሞ! «ማስታወሻ ማለት እንዲህ ነው!» «ይኼን ያሰበች ትባረክ!» ከደሴ ዙሪያ የመጡት ዘመዶቻችን እንዳይሰነጠቅ ብለው ታቅፈውት ሄዱ። ሸዋዓለም ክዳን ያለው ካልሆነ ብላ ተጣላች። የመረቀኝ ሁሉ በጥፊ የመታኝ ያህል ነበር።

ኢስራ መኪና ልትገባ ስትል ተመለሰች። አንዱን ሳፋ በሁለት እጇ ይዛ ሰው ሁሉ እያየ ሰጠችኝ።

«ያንቺ ድርሻ ነው» አለች።

ተቀብያት ታቅፌው ቆምሁ። እንባዬ ሲወርድ ሴቶቹ «ልጇ ስትሄድባት ሆዷ ባባ» ተባባሉ። ዝም በሉ ብዬ ልጮህባቸው ነበር፤ ግን ምን አጠፉ?